የድሮ የሪል አናሊሲስ መጻሕፍትን መሰብሰብ፦ ከአንድ ጥያቄ ጀምሩ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የዋልተር ሩዲን የሪል አናሊሲስ መጻሕፍት ጎን ለጎን አሉ። (ሪል አናሊሲስ የካልኩለስን መሠረት በማረጋገጫ የሚያጠና የሒሳብ ክፍል ነው።) የሁለቱም ርዕስ «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ማቲማቲካል አናሊሲስ» ነው። አንዱ የ1964 ሁለተኛ እትም ነው፤ ሌላው የ1976 ሦስተኛ እትም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቤቴ የሚመጣ ሰው «አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ለምን ገዛህ?» ይለኛል። ምዕራፍ 1ን ከፍቼ አሳየዋለሁ። የ1964ቱ ሪል ቁጥሮችን ከራሽናል ቁጥሮች እየገነባ፣ በዴዴኪንድ ከት (ራሽናል ቁጥሮችን ለሁለት በመክፈል ሪል ቁጥርን በሚገልጸው ዘዴ) ይጀምራል። በ1976ቱ ግን ያ ግንባታ ከፊት ተነስቶ ከምዕራፉ ኋላ አባሪ ሆኗል። ሩዲን ምክንያቱን መቅድሙ ላይ ጽፎታል፦ በዚያ መጀመር በሎጂክ ትክክል ቢሆንም ለማስተማር አይሆንም፣ ተማሪው ገና ሲጀምር ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባውም ነው የሚለው።

አያችሁ፣ አንድ ትልቅ መምህር ሐሳቡን ሲቀይር ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጣችሁ አይታይም። የድሮ የሒሳብ መጽሐፍ መሰብሰብ ለእኔ ይሄ ነው። መጀመር ለምትፈልጉ እኔ የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ

ብዙ ሰው «ታዋቂ የሆኑትን ሁሉ ልግዛ» ብሎ ይጀምርና ከስድስት ወር በኋላ ገንዘቡም መደርደሪያውም ያልቃል። እንደዚያ አታድርጉ። አንድ የሒሳብ ጥያቄ ያዙና መጻሕፍቱን በእሱ ገመድ ተከተሏቸው።

የእኔ ጥያቄ «ሪል ቁጥር ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ገመዱ እንዲህ ይሄዳል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ዴዴኪንድ ዙሪክ ላይ ካልኩለስ ሲያስተምር የሚያስተምረው ነገር መሠረቱ አልጠና አለው። መልሱን ያገኘሁት ኖቬምበር 24 ቀን 1858 ነው ብሎ ቀኑን ሳይቀር ጽፎታል፤ ያሳተመው ግን በ1872 ነው፣ በቀጭን ጽሑፍ። በ1901 በእንግሊዝኛ ወጣ፣ ኋላም የአሜሪካው አሳታሚ ዶቨር በርካሽ የወረቀት ሽፋን አሳተመው። ስለዚህ የገመዱን ጫፍ ለመያዝ ሀብታም መሆን አይጠይቅም።

ቀጥሎ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ አለ። «ኤ ኮርስ ኦፍ ፒዩር ማቲማቲክስ» መጀመሪያ የወጣው በ1908 ነው። የዴዴኪንድን ቲዎሪ ምዕራፍ 1 ውስጥ ያስገባው ግን በ1914ቱ ሁለተኛ እትም ላይ ነው። ሌላው የአናሊሲስ መሠረታዊ ቲዎረም፣ የሃይነ-ቦሬል፣ ማረጋገጫውም የገባው ያኔ ነው። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄ የ1914ቱ ከ1908ቱ ይበልጣል፣ ገበያው ላይ ግን ውዱ የ1908ቱ ነው! ጥያቄ ይዞ የሚሰበስብ ሰው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ከሚሻማበት ዘወር ብሎ የሚፈልገውን ያገኛል።

ከዚያ የኤድመንድ ላንዳው የ1930 ትንሽ መጽሐፍ ይመጣል። ከፔአኖ አክሲየሞች (ከመቁጠሪያ ቁጥሮች መነሻ ሕጎች) ተነስቶ 301 ቲዎረሞችን አንድ በአንድ እየደረደረ፣ ያለ አንዲት ትርፍ ቃል ኮምፕሌክስ ቁጥር ድረስ ይወስዳችኋል። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1951 ኒው ዮርክ ውስጥ በቼልሲ ታተመ። ከዚያ ሩዲን፦ 1953፣ 1964፣ 1976። ከዚያ የማይክል ስፒቫክ «ካልኩለስ»፣ 1967፤ እሱ ግንባታውን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ገፍቶታል። ስድስትና ሰባት መጽሐፍ ብቻ ነው፣ ግን አንድ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንከራተት ታዩበታላችሁ።

የእናንተ ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ኢንተግራልን እንዴት አስተማሩት?» ብትሉ የቶም አፖስቶልን «ማቲማቲካል አናሊሲስ» ሁለት እትሞች ያዙ። የ1957ቱ ውስጥ ቬክተር አናሊሲስ አለ፤ በ1974ቱ ያ ወጥቶ የሌቤግ ኢንተግራል (ከተለመደው የሰፋ የኢንተግራል ዓይነት) ገብቷል። እዚህም አዲሱ አሮጌውን አይተካውም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎ፦ ስሙን እወቁ

አጭር ግን ወሳኝ ነገር። ሻጭ ጋ ሄዳችሁ ወይም ኢንተርኔት ላይ «ሪል አናሊሲስ» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ የድሮዎቹ አብዛኞቹ ያመልጧችኋል። ድሮ ትምህርቱ በዚህ ስም እምብዛም አይጠራም ነበር። የሆብሰን የ1907 መጽሐፍ ርዕስ «የአንድ ሪል ቫሪያብል ፈንክሽኖች ቲዎሪ» ነው። የቲችማርሽ የ1932ቱ «ዘ ቲዎሪ ኦፍ ፈንክሽንስ» ይላል። የሃርዲው «ፒዩር ማቲማቲክስ»፣ የፈረንሳዮቹ «ኩር ዳናሊዝ»፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አድቫንስድ ካልኩለስ» ነው። የሮይደን የ1963ቱ ላይ ግን ስሙ እኛ እንደምናውቀው «ሪል አናሊሲስ» ተብሎ ሽፋን ላይ ይታያል። ስለዚህ በደራሲው የአባት ስም ፈልጉ። ፊደሉንም አሳስታችሁ ሞክሩ፤ ሻጩም አሳስቶ ጽፎት ይሆናል፣ ያኔ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

ሦስተኛ፦ እትምና ኅትመት አታምታቱ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል፣ እኔም ከፍዬበታለሁ። እትም ማለት ጽሑፉ ተሻሽሎ ሲወጣ ነው። ኅትመት ማለት ያው ጽሑፍ እንደገና ማተሚያ ቤት ሲገባ ነው። አንድ እትም አሥር ጊዜ ሊታተም ይችላል።

የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ሻጭ ኢንተርኔት ላይ «ሃርዲ፣ 1908» ብሎ አወጣ። ፎቶው የሽፋኑ ብቻ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ደርሶኝ ስከፍተው ለካ የአሥረኛው እትም ነው፣ የ1952ቱ! ሻጩ ያነበበው ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የእትሞች ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ነው። «የመጀመሪያ እትም 1908» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሌሎቹ ዘጠኙ ተደርድረዋል። ሰውዬው አላጭበረበረኝም፣ እስከ ታች አላነበበም እንጂ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ፎቶ ብጠይቅ ኖሮ ይታይ ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ገጽ ፎቶ ጠይቁ። ሲደርሳችሁ እነዚህን እዩ፦

- የእትሞቹ ዝርዝር ካለ የመጨረሻውን መስመር እመኑ፣ የመጀመሪያውን አይደለም።
- ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት።
- ከታች እንደ 3 4 5 6 7 8 9 ያለ የቁጥር ሰልፍ ካለ ትንሹ ቁጥር የኅትመቱ ተራ ነው። ከ3 ከጀመረ ሦስተኛ ኅትመት ነው ማለት ነው።
- አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አለው? እንግዲያው ያ ቅጂ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት አልታተመም። 13 አሃዝ ሆኖ ከታተመ ደግሞ 2007 አካባቢ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው።
- ዶቨር ከሆነ «ይህ እትም በዚህ ዓመት የወጣው የዚያኛው ሳይቀነስ ዳግም ኅትመት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል። ሁለቱንም ዓመት ይነግራችኋል፤ ሐቀኛ አሳታሚ እንዲህ ነው።

ሁለት ዓይነት ዳግም ኅትመት ግን እኔ ራሴ እፈልጋቸዋለሁ። አንደኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወጣው ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጠላት አገር ንብረት ብሎ የያዘውን የጀርመን መጻሕፍት የማተም መብት ለአሜሪካ አሳታሚዎች ፈቀደ፤ አን አርበር፣ ሚሺጋን ያለው ኤድዋርድስ ብራዘርስ ብዙ የሒሳብ መጻሕፍትን እንዲህ አውጥቷል። ፈቃዱ መጽሐፉ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ያን ገጽ ሳነብ ጦርነቱ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያየሁ ይመስለኛል። ሁለተኛው፣ የሩዲን አሳታሚ ማግሮው ሂል በቶኪዮው አሳታሚ ኮጋኩሻ በኩል ለተማሪዎች ያሳተመው ርካሽ ቅጂ ነው። ሰብሳቢዎች ይንቁታል፣ ጽሑፉ ግን ያው ነው፣ እና አቅም ለሌለው ተማሪ ሩዲንን እጁ ላይ ያደረሰ መጽሐፍ መናቅ የለበትም ባይ ነኝ።

አራተኛ፦ የት ይገኛሉ?

አዲስ አበባ ካላችሁ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን ተላመዷቸው። አንድ ቀን ሄዶ መመለስ አይበቃም። ስልካችሁን ስጧቸው፣ «የድሮ ሒሳብ ሲመጣ ደውልልኝ» በሏቸው። የሒሳብ መጽሐፍ ቶሎ ስለማይሸጥላቸው ፈላጊ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

የሚሻለው ምንጭ ግን ጡረታ የወጡ መምህራን ቤት ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ሰው ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ተምሯል፣ የሞስኮው የሚር ማተሚያ ቤት የእንግሊዝኛ ትርጉሞችም በርካሽ ዓለምን ያዳረሱት ያኔ ነው። ስለዚህ የኒኮልስኪን ሁለት ጥራዝ፣ የዴሚዶቪችን የመልመጃ መጽሐፍ፣ ሩሲያኛ ከሚያውቁት ዘንድ ደግሞ የፊኽተንጎልትስን ሦስት ጥራዝ ጠይቁ። አጠያየቁ ግን ወግ አለው። «ጋሼ፣ የድሮ መጽሐፍ ይሸጣሉ?» አይባልም። «ጋሼ፣ አናሊሲስ የተማሩበትን መጽሐፍ ቢያሳዩኝ» ነው የሚባለው። ቡና ይፈላል፣ መጽሐፉ ከሣጥን ይወጣል፣ ታሪኩም ይወራል። ባይሸጡላችሁም ፎቶ አንስታችሁ፣ ከመጽሐፉ ጋር ያለፉበትን ሰምታችሁ ትመጣላችሁ። አንዳንዴ ደግሞ «ልጆቼ አይፈልጉትም፣ አንተ ውሰደው» ይባላል።

ውጭ አገር ያላችሁ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በየጊዜው የሚያካሂዱት ሽያጭ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ከሆነ ጠዋት በር ሲከፈት ድረሱ። ኢንተርኔት ላይ ኤቤቡክስና ኢቤይ ዋናዎቹ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለውስጥ ስትገዙ ፖስታ ቤቱ ለመጻሕፍት ያለው ሚዲያ ሜይል የሚባል ርካሽ ታሪፍ አለ፣ ሻጩን በእሱ እንዲልክ ጠይቁት። ዘመድ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ኪሎ መለመን ደግሞ ያው የምናውቀው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ «1907» የሚል ርዕስ ይዘው አዲስ አብረቅራቂ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት አሉ። ትእዛዝ ሲመጣ ከስካን የሚታተሙ ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ገጽ ተቆርጧል፣ ምልክት ጠፍቷል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ስካኑ ራሱ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አለ። የሃርዲ የ1921 ሦስተኛ እትምም ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ እንደ አዲስ ተተይቦ ተቀምጧል። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ አንብቡት። ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁ ተረፈ።

አምስተኛ፦ ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

መጀመሪያ የሻጮችን ቋንቋ ልመዱ። በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ «ፋይን» ማለት እንደ አዲስ ነው። «ቬሪ ጉድ» ማለት ደህና ነው። «ጉድ» ማለት ደግሞ ያረጀና የተጎሳቆለ፣ ግን ገጹ ያልጎደለ። «ጉድ» የሚለውን አይታችሁ ጥሩ መጽሐፍ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። «ኤክስ ላይብረሪ» (ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት የነበረ) ከሆነ ማህተም፣ የካርድ ኪስና የጀርባ ቁጥር አለው፤ ዋጋው ይወርዳል፣ ለአንባቢ ግን ምንም አይለውም።

እጃችሁ ላይ ሲገባ እንዲህ አድርጉ። ዝጉትና ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ጀርባው ተጣሞ ካዘነበለ መደርደሪያ ላይ ቀጥ ሳይል ዘንበል ብሎ ኖሯል። ከዚያ መሐሉን ከፍታችሁ አሽትቱ። የአሮጌ ወረቀት ሽታ ደህና ነው። የእርጥበት፣ እንደ ጓዳ ያለ ሽታ ከሆነ ሻጋታ አለበትና ወደ ሌሎቹ መጻሕፍት እንዳይዛመት ተዉት። ስፌቱ ጋ የዱቄት መሰል ብናኝና ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ ብል ነው። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ አሲዱ በልቶታል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራው ወረቀት ብዙ ጊዜ ይኼ ችግር አለበት፣ የጦርነት ጊዜ ወረቀት ደግሞ ይብሳል።

የሒሳብ መጽሐፍ የራሱ ምርመራም አለው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የገጽ ቁጥሮቹን መልመጃዎቹ ጋ ቁጠሩ፤ ተማሪ ቀድዶ የወሰደው ገጽ ካለ እዚያ ነው። ብዙ ምልክት ያለበት ገጽ ፈልጉና ጥቃቅኖቹ ሰረዞች፣ ነጥቦችና ከሥር የሚጻፉት ቁጥሮች በግልጽ መነበባቸውን እዩ። መጥፎ ዳግም ኅትመት ላይ የመጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፣ የፈንክሽኑና የዴሪቫቲቩ ልዩነት ደግሞ ያቺ አንዲት ሰረዝ ናት። የእርማት ወረቀት ተጣጥፎ ውስጥ ካለ እንዳይወድቅባችሁ። መጽሐፉ ስንት ጥራዝ እንደሆነም አጣሩ። ሆብሰን ሲጀመር አንድ ጥራዝ ነበር፣ ኋላ ሁለት ሆነ። አንዱን ብቻ ከገዛችሁ ወንድሙን ዓመታት ልትፈልጉት ነው።

በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለ አትፍሩት። የ1914ቱ ሃርዲዬ ላይ አንድ መልመጃ አጠገብ በቀጭን እርሳስ ሦስት መስመር አለ። ባለቤቱ መጀመሪያ ጥያቄውን ስህተት ነው ብሎ ምሳሌ አቅርቧል። ከሥሩ ያንኑ ምሳሌ ሰርዞታል። በጣም በትንሹ ደግሞ «ለካ አይደለም» የሚል ቃል ጽፏል፣ በእንግሊዝኛ። ላጲስ አላስነካውም።

ዋጋና ማህተም

ዋጋ ስታጣሩ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። አንድ ሻጭ የፈለገውን ያህል ሊጠራ ይችላል፣ መጽሐፉ ግን ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ይሆናል። ከመጀመሪያ እትም ይልቅ የመጨረሻው ወይም መሐለኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የላዩ የወረቀት ሽፋን አብሮ ሲኖር ደግሞ ዋጋው በብዙ ይጨምራል። ከአዟሪ ስትገዙ ተከራከሩ፣ ግን ሁለት ሦስት አንድ ላይ አንስታችሁ ነው የሚያዋጣው።

ማህተም ላይ ግን ቀልድ የለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማህተም ያለበት መጽሐፍ ብታገኙ ልባችሁ ይመታል፣ አውቃለሁ። የአሁኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1961 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ማግስት ይጠራበት የነበረ ስም ነው። ነገር ግን ከማህተሙ ጋር «ከአገልግሎት የወጣ» የሚል ሌላ ማህተም ወይም ፊርማ አለው ወይ? ከሌለው መጽሐፉ ተሰርቆ ወይም ተውሶ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ለቤተ መጻሕፍቱ ደውላችሁ ጠይቁ። የእነሱ ከሆነ መልሱት። አንድ ተማሪ ካታሎግ ላይ አይቶት መደርደሪያው ላይ ያጣው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ለየትኛውም አገር ቤተ መጻሕፍት ይሠራል።

ቤት ሲገባ

አዲስ የመጣ መጽሐፍ በቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ብል ከጠረጠራችሁ አየር በማያስገባ ፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ አሽጉና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፌስታሉን አትክፈቱ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አንድ ቀን ይቆይ። ቶሎ ከከፈታችሁት ጤዛ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ሽታ ብቻ ካለው ከቤኪንግ ሶዳ ሰሃን ጋር ካርቶን ውስጥ ዝጉበት፣ ዱቄቱ መጽሐፉን ሳይነካ።

የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አትለጥፉ። እባካችሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ለጥገና የሚሆነው ቀጭን የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ ካላገኛችሁ ገጹን እንዳለ ተዉት።

መደርደሪያው ፀሐይ የማያገኘው፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ያለ ይሁን። መጻሕፍቱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አይጣበቡ። ስታወጡ ከጀርባው ጫፍ አትጎትቱ፤ ግራና ቀኙን ገፋ አድርጋችሁ ወገቡን ያዙት። ክረምት ሲገባ እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አስቀምጡ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን ዓይነት፣ እና በሳምንት አንዴ አውጥታችሁ አናፍሷቸው።

በመጨረሻ፦ መዝግቡ፣ አንብቡ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ ይኑረው። እትሙ፣ ኅትመቱ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ ውስጡ የተጻፈ ስምና ቀን ካለ። ከሥር ደግሞ የጥያቄያችሁን መልስ ጻፉ፦ ይህ መጽሐፍ ስለ ሪል ቁጥር ምን ይላል? በስንተኛው ገጽ? የእኔ ሩዲን 1964 ካርድ ላይ «ከፊት» ይላል። የ1976ቱ ላይ «ከኋላ፣ አባሪ»። የስፒቫክ ላይ «መጨረሻ ላይ»። የላንዳው ላይ «መጽሐፉ ራሱ»። አሁን የምፈልገው የ1953ቱን ሩዲን ነው፤ ካርዱን አዘጋጅቼ ዓመቱን ብቻ ጽፌ ከፊት አድርጌዋለሁ።